ከአፎቱ ጀምር

በእጅ የተሠራ ቢላዋ ሲሰጡህ ቶሎ አትምዘዘው። መጀመሪያ ከነአፎቱ መዳፍህ ላይ አሳርፈው፣ ክብደቱን እወቀው፣ ከዚያ እጀታውን ወደ ታች አድርገህ ዘቅዝቀው። ሾልኮ ከወደቀ ሠሪው ሥራውን ሳይጨርስ ነው ያስረከበህ። ጆሮህ አጠገብ ወዝወዝ አድርገው፤ ኳ ኳ ካለ ስለቱ በሄድህ ቁጥር ከአፎቱ ግድግዳ ጋር እየተላተመ ይዶለዱማል። ዕድሜውን ሙሉ እሪ በከንቱ ውስጥ ቆዳ ሲሰፋ፣ ቀበቶና አፎት ሲሠራ የኖረ አጎትህ ለአፎት ቢያደላ አይግረምህ። ስለቱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው የዕቃውን ግማሽ ትቶ ነው የሚሄደው።

ከባሕር ማዶ በትእዛዝ አሠርተህ ያመጣኸውን ይህን የጃፓን ዓይነት ቢላዋ ደጋግሜ አየሁት። ገንዘብህን አላባከንህም። እንደ ሰንጢ የማይታጠፍ፣ ከጫፍ እስከ ጭራ አንድ ወጥ ብረት የሆነ፣ ለአንድ ሰው እጅ ተለክቶ የተሠራ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የያዘ ሰው ግን ምን እንደያዘ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ለእንግዳ ማሳያ ሆኖ ይቀራል። እኔ ያየሁትን ላሳይህ፣ ከዚያ አንድ ነገር አዝዝሃለሁ።

አፎቱ ከቀላል እንጨት ነው የተሠራው። ጃፓኖች ለዚህ ሥራ ሆኖኪ የሚሉትን ዛፍ ይመርጣሉ፤ ለስላሳ ነው፣ ሙጫ አይበዛበትም፣ ብረት አይጭርም። እንጨቱን ለሁለት ይሰነጥቁትና የቢላዋውን ቅርጽ በሁለቱም ገጽ ላይ በመሮ ፈልፍለው ያወጡታል፣ ከዚያ መልሰው ያጋጥሙታል። የድሮዎቹ ማጣበቂያ ከበሰለ ሩዝ የተለወሰ ነበር። የበለጠ የሚይዝ ሙጫ አጥተው አይደለም። አንድ ቀን ውስጡ ጉድፍ ወይም ዝገት ቢገባ አፎቱ ሳይሰበር በመጋጠሚያው ተከፍቶ እንዲጸዳ ብለው ነው። እኔ ይህን ስሰማ ሥራዬን ትቼ ቁጭ አልሁ። ሠሪው ከሞተ በኋላ ሌላ ባለሙያ እንደሚከፍተው አስቦ፣ ለማያውቀው ሰው መንገድ ትቶ ማጣበቅ ትልቅ ትሕትና ነው።

አሁን አፉን ተመልከት። እጀታው ከሚጀምርበት ላይ ብረቱን የከበበ የነሐስ ቀለበት አለ፤ ሐባኪ ይሉታል። ቢላዋውን አፎቱ ውስጥ ጠብቆ እንዲቀመጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ስለቱ ራሱ እንጨቱን አይነካም፤ የተፈለፈለው ቦታ በስለቱ በኩል ጥቂት ሰፋ ያለ ነው። ስለዚህ ስትመዘው በጉልበት አትጎትት። አፎቱን በግራህ ያዝ፣ በአውራ ጣትህ እጀታውን ገፋ አድርገው፣ ብቅ ሲል ስለቱን ወደ ሰማይ አዙረህ በጀርባው እያንሸራተትህ አውጣው። ስትመልሰውም ጀርባው አፎቱን ይንካ እንጂ ስለቱ አይንካ። አንድ ነገር አደራ፦ አፎቱን የያዙት ጣቶችህ ስለቱ ባለበት መጋጠሚያ ላይ አይጠምጠሙ። እንጨት ነው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ስለቱ የሚያገኘው ጣትህን ነው።

ከወጣ በኋላ መስኮት ፊት ቁም። እንዲህ ያለውን ብረት የሚያሳየው የቀን ብርሃን ነው። ቀስ እያልህ አጋድለው። ከስለቱ ከፍ ብሎ፣ ሞገድ እየሠራ ከእጀታው እስከ ጫፉ የሚሄድ ጉም የመሰለ መስመር ታያለህ። ሐሞን የሚሉት ይህ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን ለመጨረሻ ጊዜ እሳት ከመክተቱ በፊት ጭቃ ይቀባዋል፤ በጀርባው በኩል ወፍራም፣ በስለቱ በኩል ስስ። አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ስለቱ ባንድ ጊዜ ይቀዘቅዝና እጅግ ይጠነክራል፤ ጀርባው ጭቃው ሥር ዝግ ብሎ ይበርድና ለዘብ ብሎ ይቀራል። ጠንካራው ይቆርጣል፣ ለዘብተኛው ምቱን ይሸከማል። መስመሩ የሁለቱ ድንበር ነው። ይህን መስመር በአሲድ ብቻ ስለው የሚሸጡ አሉ። የውሸቱ ከየትም አቅጣጫ ብታየው አንድ ዓይነት ነው፣ ላይ ላዩን ተኝቷል። የእውነቱ ብረቱን ባጋደልህ ቁጥር ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ውስጡም ደቃቅ ነገር ያብለጨልጫል። ያንተው የእውነት ነው።

ብረቱን መቼ እንደሚነክር ሠሪው የሚያውቀው በቀለሙ ነው። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ዛሬ ብዙዎቹ በዚህ ይለኩታል። የጥንቱ ግን ዓይኑ ነበር መለኪያው፣ ለዚህም ሲል ቤቱን ያጨልማል። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቀለሙ ይዋሻል። ይህን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እጀታውን የሚያስረው ትንሽ የቀርከሃ ሚስማር ነው። እሱን ገፍተህ ብታወጣው እጀታው ይለቃል፣ የብረቱ ጭራም ይገለጣል። የጃፓን ቀጥቃጭ ስሙን በመሮ የሚቀርጸው እዚያ ላይ ነው። ስሙ በየቀኑ አይታይም፤ የሚያገኘው ፈልጎ የከፈተ ሰው ነው። ያንን ጭራ ደግሞ ማንም አይወለውለውም፤ ዝገቱ ለዕድሜው ምስክር ስለሆነ እንዳለ ይተዉታል። ያንተም ሠሪ እንደዚያው አድርጓል። እጀታውን ስትከፍትልኝ ያየሁት ያ ስም ነው ይህን ሁሉ እንድነግርህ ያደረገኝ።

ጃፓኖች ይህን ጥበብ ሳያቋርጡ የያዙት ችግር ስላልደረሰባቸው እንዳይመስልህ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1876 መንግሥታቸው ሰይፍ ታጥቆ መውጣትን ከለከለ። ስንት ዘመን ሰይፍ ሲቀጠቅጥ የኖረ ቤተሰብ በአንድ አዋጅ ሥራ ፈታ። ብዙዎቹ ወደ ወጥ ቤት ቢላዋ፣ ወደ መቀስና ወደ እርሻ መሣሪያ ዞሩ። ሴኪና ሳካይ የሚባሉት ከተሞች ዛሬ በዓለም የሚታወቁት በቢላዋቸው ነው። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ መንግሥታቸው ታላላቅ ሰይፍ ሠሪዎችን ከነሕይወታቸው የአገር ቅርስ ብሎ መሰየም ጀመረ። የእኛም ሰዎች ያንን አገር በቅናት ያዩት ነበር። የእኛ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ብዙ ነገሩን ከጃፓኑ የወሰደ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ለመልእክት ወደዚያ ሄደው ሲመለሱ ስላዩት ነገር «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። ከባለእጅ አከባበራቸው ግን እምብዛም አልተማርንም።

በእኛ አገር የነበረውን ላንሣልህ። የአራዳ ገበያ ጣልያን ወደ መርካቶ ሳያዛውረው በፊት ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር የሚቆመው፣ ማሩም ጨውም ፈረሱም ጦርና ጎራዴውም እዚያ ይሸጥ ነበር። ከእሪ በከንቱ ብዙ የማይርቀው ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ ለቤተ መንግሥቱ የሚሠሩ ባለእጆች የሰፈሩበት ነው። ቀጥቃጩ፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ኮርቻ ሰፊው ጎን ለጎን ኖሯል። እኔ ወስፌ መያዝ የተማርሁት የእነዚያ ልጆችና የልጅ ልጆች ከሆኑ ሰዎች ነው። የጠገራ ብር እያቀለጡ የጎራዴ አፎት ጫፍና አንገት የሚያለብሱ አንጥረኞች ነበሩባቸው፤ አንዱ ጠገራ፣ ማርትሬዛ የሚሉት፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው፣ መዶሻ የሚወድ ብር።

አንዳንድ ቤት አሁንም የአያት ጎራዴ አለ። ስለቱን ካየኸው ብዙ ጊዜ የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሕፈት ታትሞበታል፣ ብረቱ ግን ከጀርመን አገር ከዞሊንገን ወይም ከእንግሊዙ ዊልኪንሰን ፋብሪካ የመጣ ሆኖ ታገኘዋለህ። የፋብሪካው ስም በንጹሕ ፊደል ተጽፏል። አፎቱን የሰፋው፣ እጀታውን ከቀንድ የጠረበው፣ ብሩን ያለበሰው የእኛ ሰው ስም ግን የትም የለም። ሙሉውን እዚሁ የተቀጠቀጠ ካራና ጩቤ ስታገኝማ ከጫፍ እስከ ጭራ ምንም ምልክት አታይበትም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ተባለ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሣሩን፣ የፋሲካ በግ የሚታረድበትን ካራ ከእሱ እየገዙ፣ አብረውት ማዕድ አይቆርሱም፣ ልጃቸውን አይድሩለትም ነበር። ቅድም ያዝልኝ ያልሁህ ጨለማ ይኸውልህ። ብረቱን ለማየት ቤቱን አጨልሞ፣ ሌሊት ከወናፉ ጋር ሲታገል የሚያድረውን ሰው ያዩ ጎረቤቶች ጅብ ሆኖ ይወጣል ብለው ማውራታቸው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ጨለማ ነው፤ እዚያ ስም ሲያስቀርጽ እዚህ ስም አስደበቀ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መልካም ነበር፣ አፍ ግን በአዋጅ ብቻ አይዘጋም። በጎንደር በኩል ብዙው የብረትና የሸክላ ሥራ በቤተ እስራኤሎች እጅ ነበር፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄድ ስንት የእጅ ጥበብ አብሮ እንደሄደ የቆጠረ የለም። ቢላዋህን ስትወድ ይህንንም ማወቅ አለብህ፤ ያንተን ሠሪ ስሙን እንዲጽፍ ያበረታው፣ የእኛን ያስፈራው ገዢው ነው። ባለእጁን የሚያከብረው ወይም የሚያዋርደው ዕቃውን የሚገዛው ሰው ነው።

ወደ ሥራው ልመልስህ፤ እኔ የማውቀው ቆዳ ነውና። ለዚህ ቢላዋ ከእንጨቱ ሌላ ለጉዞ የሚሆን የቆዳ አፎት ብትፈልግ የምመርጥልህ የበሬ ጀርባ ነው፤ የሆዱ ቆዳ ይለጠጣል። በዛፍ ልጥ የተለፋ መሆን አለበት፤ በኬሚካል የተለፋው ለጃኬት ደግ ነው፣ ቅርጽ ግን አይዝም። ለብ ባለ ውሃ ይነከርና ቢላዋው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መሃሉ ይገባል፣ ከዚያ ቅርጹን እስኪይዝ በጣት ይታሻል፣ በጥላ ይደርቃል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው አፎት አይሥራ። ስለቱ በሚውልበት በኩል በሁለቱ ቆዳዎች መሃል ሌላ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ አስገብቼ አብሬ እሰፋዋለሁ። ያ ከሌለ ቢላዋው በገባና በወጣ ቁጥር ክሩን እየበላ ይሄዳል፣ አንድ ቀን አፎቱ ይተረተራል። አፎት ልትገዛ ስትሄድ ጠርዙን አጎንብሰህ እይ፤ ሁለት ድርብ ብቻ ካየህ ተወው፣ ሦስት ካየህ ሠሪው ሥራውን ያውቃል። ክሩ በሰም ታሽቶ፣ በሁለት መርፌ ከሁለቱም ወገን በአንድ ቀዳዳ የሚተላለፍ ስፌት ይሁን። በመኪና የተሰፋው አንዱ ክር ሲበጠስ ይተረተራል፤ በእጅ የተሰፋው ግን አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል።

ውስጡን እንጨት ማልበስ ከፈለግህ ዋንዛ ነው፤ ቀላል፣ ለመሮ የሚገራ፣ ከደረቀ በኋላ የማይጣመም። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፣ ዘይቱ ግን ለብረት አይሆንም። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል። ወይራ ከባድ ስለሆነ ለአፎት አይመችም፣ ለእጀታ ግን ወደር የለውም። የአፋሮችን ጊሌ ባየሁ ቁጥር ደስ የሚለኝ በዚህ በኩል ነው፤ ወገብ ላይ በፊት በኩል ስለሚታጠቁት አፎቱ ከስለቱ ጋር አብሮ ጎብጦ፣ ተቀምጠህም ቆመህም የማይወጋህ ሆኖ ነው የሚሠራው። የእኛ አባቶች ጎራዴ በቀኝ ጎን ነበር የሚታጠቁት፣ አፎቱም ለዚያ ተብሎ ይሰፋል። አፎት የሰውን አካሄድ ያውቃል።

አያያዙን ባጭሩ ልንገርህ። የቆዳ አፎት ለመንገድ ነው፣ ለማሳደሪያ አይደለም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም ልጥ ብረት ይበላል፤ ክረምቱን እዚያ ውስጥ ከርሞ የወጣ ቢላዋ ጠቃጠቆ ይዞ ይመጣል። ቤት ስትገባ ወደ እንጨቱ መልሰው። ሎሚ ወይም ቲማቲም ከቆረጥህበት ወዲያው አጥበህ አድርቀው፣ እንዲህ ያለው ብረት የማይዝግ ብረት አይደለም። ጃፓኖች የካሜሊያ ዘይት ይቀቡታል፤ ካጣህ የስፌት መኪና ዘይት በጥጥ ነክተህ ስስ አድርገህ አብሰው። የኑግ ዘይት ግን አታስጠጋ፣ ሲቆይ ይጓጉላል። አጥንት አትምታበት። መንኮራኩር እየረገጠ በየሰፈሩ ለሚስል ሰውም አትስጠው፤ ለወጥ ቤት ቢላዋ ደግ ነው፣ ይህን ግን የመንኮራኩሩ ሙቀት ያለዝበዋል። በውሃ ድንጋይ፣ በራስህ እጅ ሳለው። እዚህ ከተማ ደግሞ ወገብህ ላይ አስረህ አትውጣ፤ ዘመኑ የመታጠቅ ዘመን አይደለም። በአውሮፕላን ስትሄድ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ለሰው ስታሳይም እጀታውን አስቀድመህ አቀብል።

ትእዛዜ ይህ ነው። ፒያሳ ዙሪያ ያሉት የቆዩ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ እኛም ከእሪ በከንቱ ተነሣን፣ የማውቃቸው ባለእጆችም በየአቅጣጫው ተበታተኑ። እሳት የሚያነዱ ግን አሁንም አሉ። ከመሄድህ በፊት አብረን መርካቶ ምናለሽ ተራ እንወርዳለንና አንድ ቢላዋ ታዝዛለህ። ብረቱ የጭነት መኪና ባሌስትራ ይሆናል። ከጃፓኑ ብረት ካርቦኑ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ስለቱ ቶሎ መሳል ይፈልጋል፣ ቢጎነበስ ግን አይሰበርም። ባሌስትራው ብዙ ዘመን የተለፋበት ከሆነ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖረዋል፤ ቀጥቃጩ በመዶሻ ነካ ነካ አድርጎ ድምፁን ሲያዳምጥ ታያለህ፣ ዝም ብለህ ጠብቀው። ርዝመቱን በስንዝርህ አሳየው፣ እጅህን ስጠውና ይለካው። እጀታውን ወይራ በለው። አፎቱን እኔ እሰፋለሁ።

ዋጋ ሲነግርህ አትከራከረው። ለፈረንጁ ሠሪ የጠየቀህን ከፍለህ ወራት ጠብቀሃል፤ ለዚህኛውም እንደዚያው ክፈል፣ እንደዚያው ጠብቅ። ስሙን ጠይቀውና በስሙ ጥራው፤ ከዚያ ስሙን ብረቱ ላይ እንዲያኖርልህ ለምነው። ላይፈልግ ይችላል፤ የለመደው ነገር አይደለም። ሁለተኛ ለምነው። ፊደል መምቻ ባይኖረው በመሮ ጫፍ ይበቃል፣ እጀታው ሥር ተደብቆ ቢቀርም ግድ የለም። ይህ ግን ብረቱ ከመነከሩ በፊት መደረግ አለበት፣ ከተነከረ በኋላ መሮ አይገባለትም። ስለዚህ ቀብዱን በምትሰጥበት ቀን፣ ገና ባሌስትራውን ሲመርጥ ንገረው።